ከቡና ሌላ ምን እንሸጣለን?

(በማኅበራችን የኢዮቤልዩ በዓል ዕለት ናይሮቢ፣ ኪሊማኒ የተደረገ ንግግር)







የዝግጅት ኮሚቴው ስለ አገራችን የወጪ ንግድ አንድ ነገር እንድናገር ሲጠይቀኝ መጀመሪያ አልተቀበልኩም ነበር። የኢኮኖሚ ምሁር አይደለሁም። አጋሮ ተወልጄ ያደግሁ፣ አባቴ ቡና ሰብሳቢ የነበረ፣ ኋላም ወደዚህ አገር መጥቼ ናይቫሻ በሚገኝ አንድ የአበባ እርሻ በሂሳብ ሠራተኛነት አሥራ አራት ዓመት ያገለገልኩ ሰው ነኝ። ኮሚቴው ግን «ከቡና ተነሥተህ አበባ ላይ የደረስክ ሰው ስለዚህ ካልተናገርክ ማን ይናገር?» አለኝ። እነሆ ቆሜአለሁ። እናቶቻችን ከወዲያ ቡናውን መቁላት ስለ ጀመሩ፣ ሦስተኛው ሳይወርድ ለመጨረስ እሞክራለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት እዚህ ያደጉት ልጆቻችን እንዲከተሉኝ ሁሉም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነገሬን ከአባቴ ቤት ልጀምር። በእኛ ቤት የዓመቱ ነገር ሁሉ የሚወሰነው በጀንፈል ዋጋ ነበር። የአንድ ፈረሱላ ዋጋ ጥሩ ሲሆን ለበዓል በሬ ቅርጫ እንገባለን፣ ጫማ ይገዛልናል፣ የተበደረው ይከፈላል። ዋጋው ሲወድቅ አባቴ ማታ ማታ ፋኖስ አጠገብ ተቀምጦ ደብተሩን ያገላብጣል፤ እናታችንም ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉ ትለናለች። ልጅ ሆኜ ይህ የእኛ ቤት ጠባይ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ካደግሁ በኋላ ነው አገሪቱም በሙሉ እንደ አባቴ ፋኖስ አጠገብ ተቀምጣ ደብተር ስታገላብጥ የኖረች መሆኗን የተረዳሁት።

በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ኢትዮጵያ ወደ ውጭ ሸጣ ከምታገኘው ገንዘብ ከግማሽ የሚበልጠው ከቡና ነበር። ለመድኃኒት፣ ለነዳጅ፣ ለመኪና መለዋወጫ፣ ለማዳበሪያ የሚከፈለው ዶላር ሁሉ በአብዛኛው ከአንድ ዛፍ ፍሬ የሚገኝ ነበር ማለት ነው። ዋጋውን ደግሞ እኛ አንወስነውም። በሐምሌ 1975 ብራዚል ውስጥ ውርጭ ወርዶ የቡናውን ተክል ሲያቃጥል የእኛ ቡና ተወደደ። በሐምሌ 1989 ደግሞ አምራችና ገዢ አገሮች ዋጋ ይጠብቁበት የነበረው የዓለም አቀፍ የቡና ስምምነት ኮታ ሲነሣ ዋጋው በአጭር ጊዜ ውስጥ በግማሽ ያህል ወረደ። አጋሮ ያለ ገበሬ በሁለቱም ጊዜ ያደረገው ነገር ያው ነው፤ ቡናውን ለቅሞ አሰጥቶ ነበር።

ይህ ነገር የቡና አገሮች ብቻ ችግር አይደለም። ከሁሉም የከፋው የነዳጅ አገሮች ዘንድ ይታያል። ጎረቤታችን ደቡብ ሱዳን ነፃነቷን ባወጀች በስድስት ወር ውስጥ፣ በጥር 2012፣ ከሱዳን ጋር በማስተላለፊያ ክፍያ ተጣልታ የነዳጅ ጉድጓዶቿን ዘጋች። ያን ጊዜ ከመንግሥቷ ገቢ 98 በመቶ ያህሉ ከነዳጅ የሚመጣ ነበር። ጁባ ሄደው ምግብ ቤትና ሆቴል ከፍተው የነበሩ ወገኖቻችን ዶላር ከገበያ ሲጠፋ ምን እንደ ደረሰባቸው እዚህ የተቀመጣችሁ አንዳንዶቻችሁ ከእኔ የበለጠ ታውቃላችሁ። ሀብታሟ ሳዑዲ ዓረቢያ እንኳ ከ2014 አጋማሽ ጀምሮ የነዳጅ ዋጋ ሲያሽቆለቁል ስለ ደነገጠች፣ በ2016 «ራዕይ 2030» የተባለ ዕቅድ አውጥታ ነዳጅ ያልሆነውን የወጪ ንግዷን ለማሳደግ ተነሣች። በአንድ ዕቃ ብቻ የሚኖር ሰው፣ ዕቃው ወርቅም ይሁን ነዳጅ፣ እንቅልፉ በሌላ ሰው እጅ ነው።

ታዲያ መንግሥቶቻችን ይህንን አላወቁም ነበር? አውቀዋል። ኢትዮጵያ የመጀመሪያውን የአምስት ዓመት ዕቅድ በ1957 ስታወጣ ገና አፍሪካ ውስጥ ብዙ አገሮች ነፃ አልወጡም ነበር። በዚያው ዓመት ብሔራዊ የቡና ቦርድም ተቋቋመ። ሁለተኛውና ሦስተኛው የአምስት ዓመት ዕቅዶች ተከተሉ፤ በሁመራ ሰሊጥና ጥጥ የሚያመርቱ ትላልቅ እርሻዎች ተስፋፉ። ደርግም የአሥር ዓመት መሪ ዕቅድ አውጥቶ ነበር። ሦስት ሥርዓት በየተራው «ከቡና ጥገኝነት እንላቀቃለን» ያለ ሲሆን፣ በ1990ዎቹ መጨረሻም ከወጪ ንግድ ገቢያችን ከግማሽ በላይ የሚሆነው ያው ቡና ነበር። ስለዚህ ጥያቄው የዕቅድ መኖር አለመኖር አይደለም። አንዱ ዕቅድ መሬት ሲይዝ ሌላው ወረቀት ላይ ለምን ይቀራል የሚለው ነው። የዛሬው ንግግሬ በሙሉ በዚህ ላይ ነው።

ከሁሉ የከፋው ዘመን የመጣው በ2001 ነው። ቬትናም በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከብራዚል ቀጥላ የዓለም ሁለተኛ ቡና አምራች ሆና ገበያውን ሞላችው፤ የብራዚልም ምርት በዛ። የኒው ዮርክ ገበያ ዋጋ በአንድ ፓውንድ ከ50 የአሜሪካ ሳንቲም በታች ወረደ። በ1997/98 ከ400 ሚሊዮን ዶላር በላይ ያስገባልን ቡና በ2001/02 ከ200 ሚሊዮን በታች አስገባ። ልብ በሉልኝ፤ የላክነው ቡና መጠን እምብዛም አልቀነሰም። ሰዉ እንደ ወትሮው ለቅሟል፣ አድርቋል፣ ጭኗል። የቀነሰው ዋጋው ብቻ ነው።

በዚያ ዓመት አባቴ ደብዳቤ ጻፈልኝ። ሐረርጌ ውስጥ ገበሬው ቡናውን እየነቀለ ጫት ይተክላል ሲባል ሰምቶ፣ በእኛም አካባቢ የጀመሩ እንዳሉ ገለጸልኝና «አያትህ የተከለውን እኔ እንዴት ልንቀል?» ሲል ጠየቀኝ። ምን ብዬ እንደምመልስለት ጠፋኝ። እኔ ያን ጊዜ ናይቫሻ ቁጭ ብዬ የምመዘግበው በቀን ስንት ሺህ ዘንግ ጽጌረዳ ወደ አምስተርዳም እንደ ተላከ ነበር። አንድ ቤተሰብ ውስጥ አባት ያረጀውን ሸቀጥ፣ ልጅ ደግሞ የሌላ አገርን አዲስ ሸቀጥ ይዘን መቀመጣችን አሳዘነኝ።

ኬንያ እዚህ የደረሰችው በአንድ ቀን አልነበረም። የኬንያ መንግሥት የአትክልትና ፍራፍሬ ልማት ባለሥልጣን ያቋቋመው በ1967 ነው። ቡና የኬንያም ዋነኛ ሸቀጥ ነበር። ዛሬ የኬንያ የቡና ምርት በ1980ዎቹ መጨረሻ ከነበረው ግማሽ እንኳ አይሞላም፤ ኪያምቡ ውስጥ ድሮ የቡና ማሳ የነበረው ብዙ ቦታ አሁን አፓርታማ ሆኗል። ኬንያ ግን ሻይ፣ አበባና አትክልት ስለ ነበራት የቡናውን ውድቀት ቆማ አሳለፈችው። ይህ ለእኛ ጥሩ ትምህርት ነበር።

ትምህርቱንም በአገራችን የተቀበሉ ሰዎች ነበሩ። በ2000 ገደማ አዲስ አበባ አቅራቢያ ጥቂት ደፋር ባለሀብቶች በግሪን ሃውስ ጽጌረዳ ማምረት ጀመሩ። በ2001 የአገሪቱ የአበባ ሽያጭ አንድ ሚሊዮን ዶላር እንኳ አይሞላም ነበር። በ2002 አምራቾቹ ማኅበር አቋቁመው ችግራቸውን በአንድ ድምፅ ማቅረብ ጀመሩ። የችግራቸው ዝርዝር አጭርና ግልጽ ነበር፤ ከቦሌ የማይርቅ መሬት፣ ባንክ የሚያበድረው ረዘም ያለ ብድር፣ የሚጭንላቸው አውሮፕላን፣ አበባው የማይጠወልግበት ቀዝቃዛ መጋዘን። ሌላ ምንም አላሉም።

መንግሥትም በዚህ ጊዜ ያደረገውን ማመስገን ይገባል። በጠቅላይ ሚኒስትሩ የሚመራ የወጪ ንግድ ኮሚቴ እየተሰበሰበ ጥያቄዎቹን አንድ በአንድ ይዞ ሄደ። ሰበታ፣ ሆለታ፣ ደብረ ዘይትና ዝዋይ አካባቢ መሬት በርካሽ ኪራይ ተሰጠ። ባለሀብቱ ሠላሳ በመቶ ያህሉን ከኪሱ ካመጣ ቀሪውን ሰባ በመቶ የልማት ባንክ ያበድረው ጀመር። መሣሪያው ያለ ቀረጥ ገባ፤ ለመጀመሪያዎቹ ዓመታት የገቢ ግብር ተነሣለት። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የጭነት በረራውን ከአምራቾቹ ጋር እየተነጋገረ አመቻቸ። በ2005 ገደማ ናይቫሻ ውስጥ ትልቅ እርሻ የነበረው ሼር የተባለው የሆላንድ ኩባንያ ዝዋይ ላይ እርሻ ከፈተ። እዚህ አብረውኝ ይሠሩ ከነበሩት ኬንያውያን የእርሻ ባለሙያዎች መካከልም ወደ ኢትዮጵያ ሄደው ያስተማሩ አሉ። ውጤቱ ምን ሆነ? በ2007/08 የአበባ ሽያጫችን ከ100 ሚሊዮን ዶላር አለፈ፤ ኢትዮጵያም ከኬንያ ቀጥላ ከአፍሪካ ሁለተኛ አበባ ላኪ ሆነች። በቅርብ ዓመታት ይህ ገቢ ከ400 ሚሊዮን ዶላር በላይ ደርሷል።

በዚያው ዘመን ሰሊጥ፣ ጥራጥሬ፣ ጫትና ሥጋም አደጉ። በዚህ ምክንያት ቡና ከወጪ ንግዳችን የነበረው ድርሻ በ2000ዎቹ መጨረሻ ወደ ሩብ ገደማ ወረደ። ቡናው አልቀነሰም፤ ሌሎቹ ደረሱበት እንጂ። ቡናውም ራሱ በተሻለ መንገድ መሸጥ ጀመረ። በ2007 መንግሥት ይርጋጨፌ፣ ሲዳሞና ሐረር የሚሉትን ስሞች በንግድ ምልክትነት በተመለከተ ከስታርባክስ ኩባንያ ጋር ከብዙ ክርክር በኋላ ተስማማ። በ2008 ደግሞ የኢትዮጵያ ምርት ገበያ አዲስ አበባ ላይ ተከፈተ፤ ገበሬውም የዕለቱን የማዕከላዊ ገበያ ዋጋ መስማት ጀመረ። አባቴ በስተርጅናው በስልክ ዋጋ ጠይቆ ከነጋዴ ጋር ሲከራከር የሰማሁ ቀን ስቄም አልቅሼም ነበር።

ነገር ግን የአበባውን ነገር ሙሉ በሙሉ ጣፋጭ አድርጌ ላቀርብላችሁ አልፈልግም፤ የደብተሩን ሁለቱንም ገጽ አይቻለሁና። እዚህም ሆነ እዚያ በእርሻዎቹ የሚሠሩት አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች ናቸው፤ ደመወዛቸው ዝቅተኛ ነው። መሬታቸውን ለቅቀው ያገኙት ካሣ ቶሎ ያለቀባቸው ገበሬዎች አሉ። የናይቫሻና የዝዋይ ሐይቆች ውሃና የኬሚካሉ ጉዳይ እስከ ዛሬ ያነጋግራል። ዶላር ያስገባ ሁሉ ለሁሉም እኩል አያስገባም። ቢሆንም ለቡና የማይሆን ደረቅ ሜዳ ላይ የአንዲት ልጅ ደመወዝ ከአንድ ቤት ሲገባ ቤቱ ውስጥ የሚለወጠውን አይቻለሁና፣ ባይጀመር ይሻል ነበር ለማለት አልደፍርም።

አሁን ወደ ሌላው ዕቅድ ልለፍ። በ2010 የተጀመረው የመጀመሪያው የእድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ በ2015 ከጨርቃ ጨርቅና አልባሳት ብቻ 1 ቢሊዮን ዶላር እንዲገኝ አልሞ ነበር። ዘመኑ ሲያልቅ የተገኘው ከ100 ሚሊዮን ዶላር ብዙም አልራቀም። ቆዳም እንዲሁ ከታለመለት በታች ቀረ። ጠቅላላው የወጪ ንግዳችንም በ3 ቢሊዮን ዶላር አካባቢ ለዓመታት ቆሞ ቀረ። ሰዎቹ ሰንፈው ነው? አይመስለኝም። በአበባው ጊዜ ከአምራቹ ጥያቄ ተነሥቶ ወደ ቁጥር ተሄደ። በጨርቃ ጨርቁ ግን ቁጥሩ ቀድሞ ወጣ፤ ፋብሪካው ጥሩ ጥጥ፣ የማይቋረጥ መብራትና ከጂቡቲ በጊዜ የሚደርስ ኮንቴይነር ያገኝ እንደ ሆነ የተጠየቀው በኋላ ነው። አገር ውስጥ መሸጥ ውጭ ከመላክ የበለጠ የሚያተርፍ ሲሆን ደግሞ ማንም ነጋዴ በትእዛዝ አይልክም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይላል የአገራችን ሰው።

ሌላው የተሠወረ ችግር የብር ዋጋ ነበር። የሂሳብ ሰው ስለሆንኩ ይህንን ሳልነግራችሁ አልወርድም። ዶላር በባንክ አንድ ዋጋ፣ በጓሮ ሌላ ዋጋ ሲኖረው ላኪው ምን ያደርጋል? ሰሊጡን ወይም ቡናውን አገር ውስጥ በውድ ገዝቶ ውጭ በርካሽ ይሸጣል፤ በመላክ ይከስራል። ለምን? ያገኘውን ዶላር ይዞ መኪና ወይም ብረት አስገብቶ በዚያ ኪሳራውን በእጥፍ ያካክሳል። የውጭ ገዢ ርካሽ ሰሊጥ ያገኛል፤ የእኛ ሰው ውድ ብረት ይገዛል። በዚህ ዓይነት የሚያድግ የወጪ ንግድ የለም። እዚህ ያለን ሰዎችም ለእናቶቻችን የምንልከውን ገንዘብ በባንክ እንላክ ወይስ በሌላ መንገድ እያልን ስንቸገር የኖርነው በዚሁ ምክንያት ነው።

በሐምሌ 2024 የምንዛሪው ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። የኑሮ ውድነቱ በአገር ቤት ቤተሰቦቻችን ላይ ምን ያህል እንደ ከበደ በየሳምንቱ በስልክ እንሰማለን፤ ያንን አቃልዬ አልናገርም። በወጪ ንግዱ በኩል ግን ትልቅ ለውጥ ታየ። በ2023/24 ለብሔራዊ ባንክ የገባው ወርቅ 4 ቶን አካባቢ የነበረ ሲሆን በ2024/25 ከ35 ቶን በላይ ገባ። ወርቁ በአንድ ዓመት ከመሬት አልበቀለም፤ ቀድሞም ይወጣ ነበር፣ መንገዱ ግን በድንበር ጓሮ ነበር። በዚያው ዓመት ቡናም የዓለም ዋጋ ከፍ ስላለ ከ2.6 ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገባ። ጠቅላላውም ከ8 ቢሊዮን ዶላር አለፈ።

ደስ ይላል። እኔም ደስ ብሎኛል። ነገር ግን አባቴ ደብተር ማገላበጥ አስተምሮኛልና አገላበጥኩ። ከዚያ ገንዘብ ከሁለት ሦስተኛ በላይ የሚሆነው ከወርቅና ከቡና ብቻ ነው። ሁለቱም ዋጋቸው የሚወሰነው በሌሎች እጅ ነው፤ ሁለቱም በዚያ ዓመት በዓለም ገበያ ተወደው ነበር። በ2000ዎቹ መጨረሻ በላብ ያሰፋነው በር እንደ ገና እየጠበበ እንዳይሆን እፈራለሁ። የሁመራ ሰሊጥ በ2020 በጀመረው ጦርነት ተጎድቷል። በሐምሌ 2016 የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ተስፋ ሰጥቶ ነበር፤ ኢትዮጵያ በጥር 2022 ከአሜሪካ የቀረጥ ነፃ ዕድል ስትወጣ ብዙ ልጆች ሥራ አጡ። ገንዘቡ በበዛበት ዓመት ነው እንግዲህ ለክፉው ዓመት ሌላ ሸቀጥ መትከል የሚያስፈልገው። በክፉው ዓመትማ ለችግኝ የሚሆን ገንዘብ አይኖርም።

አሁን «ይህ ሁሉ ኪሊማኒ ላለነው ለእኛ ምናችን ነው?» የምትሉ ትኖራላችሁ። እስቲ ወደ ላይ ቀና ብላችሁ የአዳራሹን መብራት ተመልከቱ። ከወላይታ ሶዶ ተነሥቶ ከናይሮቢ ብዙም ወደማይርቀው ሱስዋ የሚደርስ 1,045 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው የኤሌክትሪክ መስመር አለ። ከ2022 መጨረሻ ጀምሮ ኬንያ በዚህ መስመር ከኢትዮጵያ መብራት ትገዛለች። ከዚህ ብርሃን ጥቂቱ የአገራችሁ ወንዝ ውሃ ነው ማለት ነው። ልጆቻችን ይህንን ያውቁ ዘንድ እፈልጋለሁ። ኢትዮጵያ ለኬንያ የምትሸጠው ነገር አላት፤ ዋጋውም በኒው ዮርክ ሳይሆን በሁለቱ ጎረቤታሞች ስምምነት የተቆረጠ ነው።

መንገዱም ተሠርቷል። ከኢሲዮሎ በማርሳቢት እስከ ሞያሌ ያለው መንገድ አስፋልት ሳይለብስ በፊት በጭነት መኪና ላይ ተቀምጣችሁ የመጣችሁ አባቶች አቧራውን ታስታውሳላችሁ። ዛሬ አውቶቡስ ይሄድበታል። ሞያሌ ላይ የሁለቱ አገሮች የጋራ የድንበር ጣቢያም ከ2021 ጀምሮ ሥራ ላይ ነው። ኢትዮጵያ በ2025 በአፍሪካ አህጉራዊ ነፃ የንግድ ቀጣና ስምምነት መሠረት ዕቃ መላክ ስትጀምር ኬንያ ከመጀመሪያዎቹ መዳረሻዎች አንዷ ነበረች።

በዚህ መንገድ ላይ የደረሰብኝን ልንገራችሁና ወደ መጨረሻዬ ልሂድ። በ2009 ከአገር ቤት ከወንድሜ ጋር ሆነን ሃያ ኩንታል ቦሎቄ ወደ ናይሮቢ ለማምጣት ተነሣን። የሚገዛን ነጋዴ ነበረን፣ ዋጋውም ጥሩ ነበር። ድንበር ስንደርስ አንድ ወረቀት ጎደለ ተባልን። የእጽዋት ጤና ምስክር ወረቀት ይባላል። ከየት እንደሚወጣ ስንጠይቅ አንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ላከን። አሥራ ሁለት ቀን ቆመን ወረቀቱን አገኘን። ተቆጣጣሪው ከረጢቱን ከፍቶ ሲያይ ግን ነቀዙ ከእሱ ቀድሞ ፈትሾት ነበር። ወንድሜ ከዚያ በኋላ ስለ ንግድ አንሥቶብኝ አያውቅም። እኔም ለረጅም ጊዜ መንግሥትን አማሁ። አሁን ሳስበው ግን ግማሹ ጥፋት የእኔ ነበር። ወረቀቱ ምን እንደሚባል ሳልጠይቅ ነው የተነሣሁት። እንዲያውም ያን ዓመት እዚህ ማኅበር ውስጥ ሁለት አባላት ተመሳሳይ ዕቃ አምጥተው ኖሮ የጠየቅኋቸው ዕቃው ከተበላሸ በኋላ ነበር።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ የማስበውን ላስቀምጥ። የመንግሥት ዕቅድ የሚይዘው ሥራውን ከሚያውቀው ሰው ጥያቄ ሲነሣና ትንንሾቹን ነገሮች ማለትም ብድሩን፣ ቀዝቃዛውን መጋዘን፣ የአውሮፕላኑን ቦታ፣ የወረቀቱን ስም ሲፈታ ነው። የአበባ አምራቾቹ ያን ጊዜ ጥቂት ነበሩ፤ ነገር ግን ተሰብስበው አንድ ዝርዝር ይዘው ቀረቡ። ዝርዝር ይዞ ለሚመጣ ሰው መንግሥትም መልስ አያጣም። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው ለዚህ ነው።

ማኅበራችን ላለፉት ዓመታት ሐዘንተኛ አጽናንቷል፣ የታመመ ጠይቋል፣ ልጆቻችንን ፊደል አስቆጥሯል። ለሚቀጥሉት ዓመታት ሦስት ነገር እንዲጨምርበት በትህትና እጠይቃለሁ።

አንደኛ፣ ከኢትዮጵያ ወደ ኬንያ ዕቃ ያመጣ አባል ሁሉ የጠየቁትን ወረቀት፣ የፈጀበትን ቀን፣ የከፈለውን ቀረጥና ያገኘውን ዋጋ የሚጽፍበት አንድ መዝገብ ይከፈት። ቦሎቄም ይሁን በርበሬ፣ የሐበሻ ቀሚስም ይሁን የተቆላ ቡና ይጻፍ። በዓመት አንድ ጊዜም ተጠቃሎ ለኤምባሲያችን የንግድ ክፍል ይቅረብ። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ደብተርና እስክሪብቶ ብቻ ነው።

ሁለተኛ፣ በሂሳብ፣ በምግብ ጥራት ቁጥጥር፣ በጭነት ሥራ እዚህ ናይሮቢ ውስጥ ልምድ ያካበታችሁ አባላት አላችሁ። አገር ቤት ላሉ ጀማሪ ላኪዎች በበጋ ዕረፍታችሁ ለሁለት ሳምንት ብታስተምሩ ኬንያውያን ባለሙያዎች ዝዋይ ላይ ያደረጉልንን ውለታ እናንተ ለወገናችሁ አደረጋችሁ ማለት ነው።

ሦስተኛ ለልጆቻችን ነው። እዚህ የተወለዳችሁ ልጆች ስዋሂሊውንም እንግሊዝኛውንም አማርኛውንም ትናገራላችሁ። አባቶቻችሁ በዚህ ከተማ ሲሸጡ የኖሩት ጉልበታቸውን ነው። እናንተ ግን ሁለቱ አገሮች የሚገበያዩበትን ቋንቋ በአፋችሁ ይዛችሁ ነው ያደጋችሁት። ሲያድጉ ሐኪም ወይም ኢንጂነር ይሆናሉ ብለን የምንመኝላችሁ መልካም ነው፤ ከመካከላችሁ አንድ ሁለት ጥሩ ነጋዴ ቢወጣም ምርቃታችን አይለያችሁም።

የአባቴን ነገር ሳልጨርስ አልቀመጥም። ለዚያ ደብዳቤ መልስ የጻፍኩለት ከሁለት ወር በኋላ ነበር። «አባባ፣ ቡናውን አትንቀል፤ ነገር ግን ከጓሮው በኩል ሌላ ነገር ትከል» አልኩት። ዝንጅብልና አቦካዶ ተከለ። ዝንጅብሉ በበሽታ ጠፋበት። አቦካዶው ያዘ። አባቴ ዛሬ በሕይወት የለም፤ ዛፎቹ ግን አሉ። ባለፈው የገና በዓል ወንድሜ ሄዶ ሲጎበኛቸው ከቡናው መካከል የአያታችን ዛፎች ቀይ ፍሬ አዝለው፣ ከጓሮ ደግሞ አቦካዶው ቅርንጫፉ እስኪጎብጥ አፍርቶ አገኛቸው። ፎቶግራፉን ልኮልኝ ከበዓሉ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጫለሁ፤ ስትወጡ እዩት።

ቡናው የደረሰ ይመስለኛል፤ ሽታው እየመጣ ነው።  ፈጣሪ አገራችንን በሰላም ይጠብቅልን፣ የተቀበለችንን ኬንያንም ይባርክ፣ ማኅበራችንንም ለሚቀጥለው ኢዮቤልዩ ያድርስልን።

መልካም በዓል!